ጋሽ ታፈሰ የጨረሰው የውድድር ዓመት

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አባቴን ልጠይቅ ሆላንድ ውስጥ ሮተርዳም አጠገብ ወዳለችው ካፔለ ስሄድ፣ ከሜትሮው ወርጄ ጥቂት እንደተራመድኩ የቦዩን ዳር በመኪና የሚያጭዱ ሰዎች አጋጠሙኝ። ነፋሱ ሽታውን አምጥቶ ፊቴ ላይ ደፋው። እርጥብ፣ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ጭቃ ጭቃ የሚል የተቆረጠ ቀጤማ ሽታ ነው። እግሬ መንገዱ መሀል ቆመ። ከኋላዬ የሚመጣ ብስክሌተኛ ደወሉን እያንጫረረ፣ ምን ገተራት በሚል ዓይን አይቶኝ አለፈ። አልፈርድበትም። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ዴን ሃግ ነበርኩ፤ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ጋሽ ታፈሰ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቦይ ውስጥ ቆሟል፤ ጥርሱ በብርድ እየተንቀጫቀጨ «አገሩ ሁሉ ረግረግ ነው ብለው አባ የነገሩኝ እውነታቸውን ነው» ይላል።

ጋሽ ታፈሰ አጭር፣ ቦርጫም፣ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ ሰው ነበር። ክረምት ከበጋ የማይወልቅ፣ ከሰልባጅ ገበያ የገዛው ግራጫ ካፖርት ነበረው። የካፖርቱ ኪሶች ጥልቅ ነበሩ፤ ከውስጣቸው የማይወጣ ነገር አልነበረም፦ የታኬታ ማሰሪያ፣ ካምፎር ካምፎር የሚል የመታሻ ቅባት፣ የምትታጠፍ ቢላዋ፣ የትራም ቲኬት ቁራጭ፣ በጥቁር ክር የታሰረ ፊሽካ። ፊሽካውን ሲነፋው ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ማቆም ሲፈልግ ያጨበጭባል፤ ማስጀመር ሲፈልግም ያጨበጭባል። ሲናደድ ደግሞ አይሳደብም፤ ይልቁንም ትሑት ይሆናል። ኳስ ይዞ አልሰጥ ያለውን ተጫዋች «እርስዎ፣ ይህችን ኳስ ለወንድምዎ ቢያቀብሉት ምን ይጎድልብዎታል?» ይለዋል፤ ሰውየው በስድብ ቢባል ከሚያፍረው በላይ ያፍራል።

እኔ እዚህ አገር ያደግኩ ልጅ ነኝና «አንተ» ነበር የምለው። እማዬ በጠረጴዛ ሥር ጭኔን ትቆነጥጠኝ ነበር። እሱ ግን ደስ ይለው ነበር መሰለኝ፣ «ተያት፣ ዳኛ ሁሉንም አንተ ነው የሚለው» ይላታል። ዳኛ ያለኝ ከመስመር ውጭ ቆሜ በሆላንድኛ ዳኛው ላይ ስጮህ ስለሰማ ነው። እነሆ እስከ ዛሬም «እሳቸው» ማለት አልሆነልኝም። የሚከፋችሁ ታላላቆቼ ይቅር በሉኝ።

አባቴ ወደዚህ አገር የመጣው ለትምህርት ነው። ኮሌጁ ከየአህጉሩ ሰው እየመጣ ስለ አስተዳደርና ስለ ልማት የሚማርበት ነበር፤ ተምሮ፣ ዲፕሎማውን ይዞ፣ ወደ አገሩ። የሌሎቹ ነገር እንደዚያ ሆነ። የኛ ሰዎች ግን አገር ቤት የሚሆነውን ሲሰሙ ሻንጣቸውን መልሰው አልጋ ሥር ከተቱ። ኮሌጁ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው፤ ድሮ የአሥር አገር ሰው ይጫወትበት ነበር አሉ። ሌላው ሲሄድ እኛ እየቀረን፣ ሳይታሰብ ቡድኑ የሐበሻ ሆነ። ማልያው አረንጓዴ ነበር፤ ታጥቦ ታጥቦ የደረቀ ሣር መልክ ይዟል፤ በዚያ ላይ ስለተኮማተረ ሁሉም ተጫዋች እምብርቱ ይታይ ነበር። ሜዳው ወደ ባሕር ዳርቻው ሰፈር ወደ ስኬቨኒንገን በሚወስደው የትራም መስመር አጠገብ፣ ከባሕሩ አሸዋ ወዲህ ነበር። ነፋሱ የዓሣ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ በረኛው የመታውን ኳስ ደግሞ መልሶ ለራሱ ለበረኛው ያመጣለታል።

ጋሽ ታፈሰ እዚያው ስኬቨኒንገን በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። አዲስ አበባ ሳለ የኮሌጅ ስፖርት መምህር ነበር፤ እሱም ለአንድ ዓመት ትምህርት መጥቶ የቀረ ነው። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሠልጣኝ ነበር። ቅዳሜን የመረጠው ራሱ ነው። በዚህ አገር የቅዳሜ ቡድንና የእሑድ ቡድን ይለያል፤ እሑድ ለእግዚአብሔር ይሁን ብሎ በቅዳሜው አስመዘገበን።

የቡድኑ ችግር ኳስ አልነበረም። ችግሩ በሁለት ድርጅት መከፈሉ ነበር። በዚያን ዘመን የአንዱ ድርጅት ሰው የሌላውን ድርጅት ሰው ትራም ውስጥ ካየ ወርዶ የሚቀጥለውን ይጠብቅ ነበር። አገር ቤት ደም ተፋሷል፤ እዚህ ደግሞ ሰላምታ ቆሟል። እኛ ልጆቹ ከማን ልጅ ጋር መጫወት እንደሚፈቀድልን ሳይነገረን እናውቅ ነበር።

አባቴ ግርማ ግራ ተመላላሽ ነበር። ከፊቱ ግራ ክንፍ ላይ የሚጫወተው ሰይፉ ይባላል፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አብዶ የሚወድ ሰው። እቤታችን ባለው የሰርግ ፎቶ ላይ ከአባዬ በስተቀኝ፣ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ የሚስቀው አንደኛ ሚዜ እሱ ነው። የተማሪ ቤት ጓደኛሞች ነበሩ፤ ከአንድ ትሪ የበሉ፣ አንዱ የሌላውን ኮት የለበሱ። ድርጅት ለያቸው። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አንድ ቃል ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሜዳ ላይ እንኳ አባዬ ኳሱን ወደ ሰይፉ ሲሰድ ስሙን አይጠራም። ያጨበጭባል፤ ወይም «ሂድ!» ይላል፤ ለኳሱ ይሁን ለሰውየው አይታወቅም።

የዚያ ዓመት ውድድር በመስከረም ተጀመረ፤ ዝናብ በዝናብ ሆነ፤ ተሸነፍን፣ ተሸነፍን፣ አንዴ አቻ ወጣን፣ ተሸነፍን። በጥቅምት አንድ ዓርብ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ መጣ። ማታውኑ በኮሌጁ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ፤ ወንበር ተነሣ፤ ሰው በሰው ላይ ጣት ቀሰረ። በማግስቱ ሜዳ የመጡት አምስት ብቻ ነበሩ። ተጋጣሚዎቻችን ጥቂት ጠብቀው በፎርፌ አሸንፈው ሄዱ። እኔ አባዬ ይመጣል ብዬ ቀድሜ ሄጄ ነበርና ጋሽ ታፈሰን አየሁት። ዝናብ ላይ ቆሟል፤ ለዕረፍት ሰዓት ያመጣው የብርቱካን ከረጢት እጁ ላይ ተንጠልጥሏል። ባዶውን ሜዳ እያየ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ አንድ ብርቱካን ሰጠኝና «ዳኛ፣ ዛሬ ሥራ የለሽም፤ ግቢ ወደ ቤትሽ» አለኝ።

ሰኞ ዕለት ከውድድሩ ቢሮ ስልክ ተደወለ። ዳግመኛ በፎርፌ ከቀራችሁ ቡድኑ ይሰረዛል አሉ። ኮሌጁም አከለበት፤ ከተሰረዛችሁ ሜዳውንም ማልያውንም እንወስዳለን አለ።

ያን ዕለት ማታ ጋሽ ታፈሰ እቤታችን መጣ። እማዬ ካፖርቱን ልትቀበለው ብትል እምቢ አለ፤ ቁጭም አላለም። በሩ ሥር እንደቆመ ነበር የተናገረው።

«ግርማ፣ አዲስ አበባ አንድ ቡድን ነበረኝ። የኮሌጅ ልጆች ናቸው። ውድድሩ ተጀምሮ መሀሉ ላይ ስንደርስ ኮሌጁ ተዘጋ። ልጆቹ እኩሌቶቹ ወደዚህ፣ እኩሌቶቹ ወደዚያ ገቡ። አንዱ የሌላውን ቤት እየጠቆመ ተበላሉ። ኳስ ማቀበል ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።» የካፖርቱን ቁልፍ ጨበጠ። «አሁን ካንተ የምፈልገው ዋንጫ አይደለም። አንድ የውድድር ዓመት ጀምሬ ልጨርስ። ሁሉም በሕይወት ቆሞ፣ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ልስማ። እምቢ ካላችሁ ግን፣ አንተና ሰይፉ ከእንግዲህ የምትገናኙት በቀብር ነው፤ እሱም የሚነግራችሁ ከተገኘ።»

አባዬ ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው። እማዬ ማዕድ ቤት ገብታ ውኃ ከፈተች፤ እያለቀሰች እንደሆነ ገባኝ። ለሰይፉም ያንኑ ሄዶ ነግሮት እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ታፈሰ አዲስ ዘዴ አመጣ። በመልበሻ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ማልያዎቹን ቀድሞ ይደረድራል፤ አንዱን ከዚህ ወገን፣ አንዱን ከዚያ ወገን እያሰባጠረ። የሚቀመጡት ማልያቸው ካለበት ነው፤ ማንም ቦታ መቀየር አይችልም። ለዕረፍት ሲወጡ ደግሞ ብርቱካኑን መሀል ለመሀል ይሰነጥቅና ግማሹን ለዚህ፣ የዚያኑ ብርቱካን ግማሽ ለዚያ ይሰጣል። የአባዬና የሰይፉ ብርቱካን ሁልጊዜ አንድ ነበር። አባዬ የራሱን ወደ ባሕሩ ዞሮ ይበላል፤ ሰይፉ የራሱን ወደ ትራሙ ዞሮ። ጋሽ ታፈሰ ለራሱ አያስቀርም። ሲጨርስ የቢላዋውን ስለት በአውራ ጣቱ ይጠርግና ጣቱን ይልሳል፤ የእሱ ድርሻ እሷው ነበረች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቱን ወጣን። ማሸነፍም ጀመርን፤ ብዙ አይደለም፤ ግን ሰው ማሸነፍ ሲቀምስ ፊቱ ይለወጣል። በመልበሻ ክፍል ውስጥ የቅባት ብልቃጥ እጅ በእጅ መተላለፍ ጀመረ። አባዬና ሰይፉ ብቻ እንደነበሩ ነበሩ።

ስሕተቱን የሠራው ራሱ ጋሽ ታፈሰ ነው። ከወራት በፊት የፋሲካ ዋዜማ ላይ ጨዋታ እንዳይደረግብን ብሎ ለውድድሩ ቢሮ አሳስቦ ነበር። እነሱም በዚያ ቅዳሜ ማንም አይጫወትም ብለው አረጋግጠውለታል። ይህን ብልሃቱን ለሁሉም ሲያወራ ከርሟል። አንድ ቀን እቤታችን መጥቶ፣ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን የሆላንድ የቀን መቁጠሪያ በጣቱ እየነካ ለእማዬ ሲያብራራላት፣ እሷ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም «ጋሼ፣ እሱ እኮ የነሱ ፋሲካ ነው» አለችው። «የኛ ዘንድሮ ከወር በኋላ ነው።»

ጋሽ ታፈሰ ጣቱ ቀን መቁጠሪያው ላይ እንደተተከለ ቀረ። የመጨረሻው ጨዋታ የወደቀው በቀዳም ስዑር ነበር።

ስልክ ደወልን፤ እኔ ነበርኩ አስተርጓሚዋ። ሌላ ፋሲካ አለን ብዬ ስናገር ሰውየው ሳቀ፤ «በዓመት ስንት ፋሲካ ነው ያላችሁ?» አለኝ። ከዚያ ግን በትሕትና ነገረን። ሜዳዎቹ ከዚያ ሳምንት በኋላ ሊታረሱና አዲስ ሣር ሊዘራባቸው ነው፤ ሌላ ቀን የለም። ትመጣላችሁ፣ ወይም ፎርፌ ነው።

ያን ጊዜ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም። ለበዓል ከሌላ አገር አንድ አባት ይመጡና ሮተርዳም ውስጥ አንድ የሆላንዶች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቱን ያውሰን ነበር። የስቅለት ዕለት እዚያ ሄድን፤ እማዬና እኔ። አባዬ አልመጣም። እሱ ከተማሪነቱ ጀምሮ ጾምንና ጸሎትን ትቷል፤ «ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ» ብሎን ወጣ። ምድር ቤቱ በስግደት ታምሶ ዋለ። የቡድናችን ልጆች ግማሹ እዚያ ነበሩ፤ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ይሰግዳሉ። ነገ በምን እግራቸው ሊጫወቱ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ማሰቤም ኃጢአት መሰለኝ።

ሲያልቅ ጋሽ ታፈሰ ቆቡን አውልቆ አባ ዘንድ ቀረበ።

«አባ፣ በቀዳም ስዑር ኳስ መጫወት ኃጢአት ነው?»

አባ ሽማግሌ፣ ደካማ ሰው ነበሩ። ጉዳዩን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ «ትሸነፋላችሁ?» ብለው ጠየቁት።

«ሰው ሁሉ እህል ውኃ ሳይቀምስ አክፍሎት ላይ ነው አባ። ጉልበትም የለም። መሸነፋችን አይቀርም።»

«እንግዲያው ግድ የለም፤ ትሕትና ይሆንላችኋል» አሉ። «ቀጤማው ግን አይቅርባችሁ፤ አገሩ ሁሉ ረግረግ ነው።»

ከዚያ ነው እንግዲህ በነጋታው ማለዳ እኔን ዳር አቁሞ ቦይ ውስጥ የገባው። ያጨደውን ታቅፎ ከነጭቃው አባ ወዳረፉበት ቤት ወስዶ አስባርኮ በባቡር ተመለሰ።

ዓርብ ማታ አባዬ ገና ከበር ሲገባ «ውጪ በልቻለሁ» አለ። ቅዳሜ ጧትም ቁርስ አልፈለገም። ደረጃውን ስንወርድ መወጣጫውን ይዞ በጎኑ ነበር የሚወርደው፤ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላ እግር። «ምን ሆነሃል?» ስለው «በእንቅልፍ ልቤ ተጣምሜ» አለኝ። እማዬ ከኋላችን ሆና እግሩን ታይ ነበር።

ተጋጣሚዎቻችን የስኬቨኒንገን የዓሣ ወደብ ሠራተኞች ነበሩ። ሜዳ ላይ ቆመው ሲጠብቁን፣ የኛ ልጆች ከመልበሻው ክፍል ወጡ፦ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ሲራመዱ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ሁሉም ግንባራቸው ላይ ለምለም ቀጤማ አስረዋል። ለአባዬና ለሰይፉ እንኳ ጋሽ ታፈሰ በግድ አስሮላቸዋል። የወደብ ሠራተኞቹ አምበል መንገድ የሚዘጋ ቀይ ሰው ነበር። ፊቱ ይበልጥ ቀላ። ዳኛውን ጠርቶ ጮኸ።

«ምን ይላል?» አለኝ ጋሽ ታፈሰ።

«ገና ሳትጫወቱ እንዳሸነፈ ሰው አክሊል አደረጋችሁ ይላል። ንቀት ነው ይላል።»

ጋሽ ታፈሰ ደነገጠ፤ ካፖርቱን ወደ ኋላ ገፍትሮ ወደ ሰውየው ሄደ። «ንገሪው ዳኛ። በኖኅ ጊዜ፣ ምድር ሁሉ ውኃ በዋጠው ጊዜ፣ ርግብ ለምለም ቅጠል ይዛ መጣች። ምድር ደርቃለች፣ መዓቱ አልፏል ማለት ነው። የክርስቶስ ሰላም እንደዚያ ነው፤ ዛሬ የምናስረው ለዚህ ነው በይው።»

እኔ ያን ሁሉ ማለት አቃተኝ። «ጌታዬ፣ ውኃው ሄደ ማለት ነው» አልኩት።

ሰውየው ጩኸቱን ተወ። ለሆላንድ ሰው ስለ ውኃ ማስረዳት አያስፈልግም። በኋላ ራሱን ነቀነቀና ከያዝኩት ትራፊ ቀጤማ አንዲት ዘለላ ወስዶ የእጁ አንጓ ላይ ጠመጠማት። ዳኛው ግን ሲጫወቱ ሁሉም ያውልቁ አለ፤ ሕግ ነው። የኛዎቹ ቀጤማቸውን ፈትተው ከጎሉ መረብ ላይ አሰሩት።

የመጀመሪያው አጋማሽ ጨዋታ አይባልም። የሰገደ ጭን አይሮጥም። ኳሱ ሲያልፍ በዓይን ሸኘነው፤ ጎሎቹን መቁጠር ትቼ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ከመስመሩ ውጭ ሆኖ ሰውን እንጂ ኳሱን አያይም ነበር፤ ሰባት ሰው ሜዳ ላይ ካልቀረ ጨዋታው ይቋረጣል። አንዱ ሲንገዳገድ «ቁም ብቻ! ቁም!» ይላል።

ዕረፍት ሆነ። ሁሉም ሣሩ ላይ ተዘረሩ። ውኃም ብርቱካንም የሚነካ የለም። ጋሽ ታፈሰ ግን አንዲት ብርቱካን ብቻ ይዞ መጥቶ ነበር። ሰነጠቃትና ግማሹን ለአባዬ፣ ግማሹን ለሰይፉ ዘረጋ።

«እናንተ እንኳ የሳይንስ ሰዎች ናችሁ፣ ጾም አታውቁም፤ ብሉና ለኛም ሩጡልን።»

«አልራበኝም» አለ አባዬ።

«ብርቱካን ለጥም ነው እንጂ ለራብ ነው እንዴ?» ብሎ ወደ ሰይፉ ዞረ።

«ጥርሴን አሞኛል» አለ ሰይፉ።

ጋሽ ታፈሰ ሁለቱን ግማሾች በሁለት እጁ እንደያዘ፣ አንዴ የአባዬን ነጭ ከንፈር፣ አንዴ የሰይፉን የማይታጠፍ ጉልበት አየ። «ይቅርታ አድርጉልኝና» አለ በዚያ በቁጣው ትሕትና፣ «እናንተ ጌቶች ከመቼ ጀምሮ ነው እህል ያልቀመሳችሁት?»

ከዚያ ሰይፉ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ አባዬ አዞረ።

«አንተም?»

አባዬ ሣሩን እየነጨ ነበር። «እናቴ ናት» አለ። «እዚያ ሆና በዚህ ቀን እህል እንደማትቀምስ እያወቅኩ... አልወርድልህ አለኝ። ቤተ መጻሕፍት ብዬ ባዶ ክፍል ፈልጌ ሰገድኩ። አንተስ?»

ሳቅ ተጀምሮ ነበር። ልጆቹ ተያዩ፤ ጋሽ ታፈሰም ቦርጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰይፉ ግን አልሳቀም።

«እኔ ለእማማ አስካለ ነው» አለ። «አርፈዋል እኮ።»

አባዬ ቀና አለ። «መቼ?»

«በጥቅምት።»

«የትኛው ጥቅምት?»

«ዘንድሮ። ከዚያ ስብሰባ በፊት በነበረው ሳምንት። ወሬው በስልክ ደረሰኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ማን ለቅሶ ይደርሰኛል ብዬ?»

እማማ አስካለ የሰይፉ እናት ናቸው። አባዬ ተማሪ ሳለ እሑድ እሑድ እሳቸው ቤት ነበር የሚበላው፤ ሸሚዙን ያጠቡለት፣ ሲያመው ያስታመሙት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ለእኔም ነግሮኝ ያውቃል። ያን ማታ አዳራሹ ውስጥ ጣት ከቀሰሩት አንዱ አባቴ ነበር፤ የቀሰረውም ሰይፉ ላይ ነው። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ላይ።

አባዬ ሊነሣ ሞከረ፤ ጉልበቱ እምቢ አለው። በእጁና በጉልበቱ ዳኸና የሰይፉን አንገት ያዘ። «ለቅሶ አልደረስኩህም» አለ። «ወንድሜ፣ ለቅሶ አልደረስኩህም።» ከዚያ በኋላ ያለቀሱትን ለቅሶ ልገልጸው አልችልም። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና ፈራሁ። የሁለቱም ድርጅት ሰዎች ዙሪያቸውን ቆመው አብረው አለቀሱ፤ እዚያ ያልቀበሩት ሰው ያልነበረው ማን ነበር? የወደብ ሠራተኞቹ ከማዶ ቆመው ያዩናል። አምበላቸው ዳኛውን በክርኑ ነካ አድርጎ አንድ ነገር ነገረው፤ ዳኛውም ሰዓቱን አይቶ መልሶ እጁን ኪሱ ከተተ። ጋሽ ታፈሰ ሁለቱን የብርቱካን ግማሾች ገጥሞ በመሐረብ ጠቀለለና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ አኖራት።

ሁለተኛው አጋማሽም ያው ሽንፈት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ሊያልቅ ሲል አባዬ ኳስ አገኘ፤ ቀና ብሎ አየና በሙሉ ድምፁ «ሰይፉ!» አለ። ያ ስም ከአባቴ አፍ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰይፉ በደረቁ እግሮቹ ሮጠ፤ አንዱን አለፈ፤ መታ። ኳሱ የጎሉን ብረት ነክቶ ከጀርባ ካለው ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ሜዳው ላይ ወደቀ።

ከዚያ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ። ጋሽ ታፈሰ አላጨበጨበም። ከኪሱ ያን ነፍቶት የማያውቀውን ፊሽካ አወጣና፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ነፋው። ሲያበቃ እርጥቡ ሣር ላይ ከነካፖርቱ ተቀመጠ።

«ጨረስን» አለ። ለኛ አልነበረም የሚናገረው።

በማግስቱ፣ በፋሲካ፣ ሰይፉን ይዞት እቤታችን መጣ። እማዬ ገና በሩን ስትከፍት «እማማ አስካለን!» ብላ ደረቷን መታች፤ ለቅሶውና በዓሉ አንድ ላይ ሆነ። አልቅሰው ሲበቃቸው ዶሮው ቀረበ። ጋሽ ታፈሰ ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ ያልበላችሁትን» አለና መሐረቡን ፈታ። ብርቱካኗ ጠውልጋ ነበር፤ የካምፎር ሽታም ይዛለች። አባዬና ሰይፉ ግማሽ ግማሻቸውን ፊት ለፊት እየተያዩ በሉ። ሰይፉ «መድኃኒት መድኃኒት ትላለች» አለ። ጋሽ ታፈሰ «ታዲያ ምን መሰለህ?» አለው።

ቡድኑ ከዚያ በኋላም ጥቂት ዓመት ቆየ፤ ኋላ ሰዉም አረጀ፣ ሥራም በታተነው፣ ሜዳውም ላይ ቤት ተሠራበት። ጋሽ ታፈሰ አገሩን ሳያይ ሞተ። አስከሬኑን ከተሸከሙት ውስጥ አባዬና ሰይፉ በአንድ ጎን ነበሩ። እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ ነበር፤ ያን ማታ በሩ ሥር ቆሞ የተናገረው ትዝ ብሎኝ፣ እነዚህ ሁለቱ የተገናኙት በቀብር ብቻ አለመሆኑን ልነግረው ፈለግሁ። ንብረት የሚባል አልነበረውም። ካፖርቱን ማን እንደወሰደው እንኳ አላውቅም።

ያን ዕለት ካፔለ፣ አጫጆቹን አስፈቅጄ አንድ እቅፍ ቀጤማ ይዤ አባቴ ቤት ደረስኩ። ጋሽ ሰይፉ ቀድሞኝ መጥቷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሜትሮ ይመጣል። ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ዳኛ እየሰደቡ ነበር። ቀጤማውን ሲያዩ ዳኛውን ተዉት። ቀጥሎ ጋሽ ሰይፉ ከሳህኑ ላይ ብርቱካን አነሣ፤ መሀል ለመሀል ሰነጠቀና ግማሹን ለአባቴ ዘረጋለት። አባቴም ሳያየው እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። ጋሽ ሰይፉ የራሱን ድርሻ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ፤ የቢላዋውን ስለት በአውራ ጣቱ ጠረገና ጣቱን ላሰ። ልማዱን ከማን እንደወሰደው የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።